አሥራ አራተኛዋ ከረጢት

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የደም ባንኩ በር ስንደርስ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከመኪናው መውረድ አልፈለግሁም። አሥራ አንድ ዓመት ፖሊስ ሆኜ ሬሳ አይቻለሁ፣ ቢላ የያዘ ሰካራም አባርሬያለሁ። በከረጢት የተሞላ ደም ሳይ ግን ጉልበቴ ይከዳኛል። አለቃዬ ይህን ታውቃለች። ጣቢያው በሙሉ «መርፌ» የሚላት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የምትገባበት ቀዳዳ ስለማታጣ ነው።

«ሳጅን፣ ከወደቅህ ወደ ግድግዳው በኩል ውደቅ። ማስረጃ ላይ እንዳትተኛብኝ» አለችኝና ቀድማኝ ገባች።

የተሰበረው ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። የብርሃን ክፍል ይሉታል። ደም የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ተመስገን አልኩ። መሀል ላይ ጠረጴዛ የሚያህል ነጭ ማሽን ማያው ደቅቆ፣ የጎኑ ክዳን ተገንጥሎ ቆሟል። መዶሻው ወለሉ ላይ ተጋድሟል። የመስታወቱ ስብርባሪ ላይ ንጹሕ ፎጣ ተደርቧል።

«ፎጣውን ማን አለበሰው?» አለች መርፌ።

«እኔ ስገባም እንደዚሁ ነበር» አለች የክፍሉ ባለሙያ። ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። የጣቶቿ ጫፍ ሰማያዊ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቿም «ሰማያዊቷ» ይሏታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን በቁልፏ ከፍታ ስትገባ ነው ይህን ያየችው።

ዳይሬክተሩ፣ በሁለት እጁ ሁለት ስልክ የያዘ ወፍራም ዶክተር፣ ከኋላችን ሆኖ የጠፋውን ነገረን። የማሽኑ ማስታወሻ ካርድና የዚህ ሳምንት ወረቀቶች ማኅደር ነው የጠፋው። ሌላ ምንም አልተነካም።

«ወረቀት ለመስረቅ ነው ይሄ ሁሉ?» አልኩ።

ሰማያዊቷ በንቀት ሳይሆን በሐዘን አየችኝ። «ፕላዝማ ማለት ከደም ላይ ቀዩ ሲለይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ነው» አለች። «ደሙን እንመረምራለን። ግን ባለፈው ሳምንት ቫይረስ የያዘው ሰው ዛሬ ደም ቢሰጠን ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ፕላዝማው ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም እንጨምራለን። ቀለሙ ቫይረሱ ውስጥ ገብቶ ይለጠፋል። ከዚያ ከረጢቱን እዚህ መሳቢያ ላይ አስተኝተን፣ ከላይም ከታችም ብርሃን እየበራበት ሃያ ደቂቃ እንንጠዋለን። ብርሃኑ ቀለሙን ሲያገኘው ቫይረሱ ይበጣጠሳል። በመጨረሻ በማጣሪያ ወደ አዲስ ከረጢት እናወርደዋለን። ቀለሙ ማጣሪያው ላይ ይቀራል፣ አሮጌው ከረጢት ይጣላል።»

«ወረቀቱስ?»

«ማሽኑ ለእያንዳንዱ ከረጢት ያትማል። ቁጥሩ፣ ሰዓቱ፣ ብርሃኑን ማግኘቱ። ያ ወረቀት የሌለው ከረጢት ከዚህ ቤት አይወጣም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሠላሳ አንድ አለን። ወረቀቱ ካልተገኘ ሠላሳ አንዱም ይጣላል።»

መርፌ ማሽኑን ዞረችው። ጎንበስ ብላ ከኋላው ገመዱን አነሳች። ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ገመዱን እንደነበረ መልሳ አስቀመጠችው።

ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንድ ሰው የበረዶ ሳጥን በእግሮቹ መሀል አድርጎ ተቀምጧል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ለሚስቱ ፕላዝማ ሊወስድ ነው የመጣው። ደሟ በቀጫጭን ሥሮቿ ውስጥ እየረጋ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ከቆዳዋ ሥር እየፈሰሰ ነው። ሐኪሞቹ በየቀኑ ፕላዝማዋን አውጥተው የሰው ይተኩላታል። ሌላ መድኃኒት አላገኙላትም።

«ትናንት አሥር ከረጢት ወስጃለሁ። ዛሬ አሥራ ሁለት ብለውኛል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አለ።

«ከዘጠኝ ካለፈስ?» አልኩት፣ አፌ አያርፍም።

«ስጠይቃት ሐኪሟ ወደ መስኮቱ ዞረች።»

መርፌ የእጅ ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ከአሥር። «ሌላ ከተማስ?» ብላ ዳይሬክተሩን ጠየቀችው። የስምንት ሰዓት መንገድ ነው፤ ደውሏል፣ እዚያም የላቸውም።

ድንገት ዓይኔ በተከፈተው በር በኩል ቀይ ከረጢቶች የተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ አረፈ። ኮሪደሩ ዞረብኝ። አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ። ፊትህ ነጥቷል። ውሃ ላምጣልህ?»

ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። በዚህ ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠሩ ናቸው፤ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚያጣሩ «ጋሽ ሁለቴ» ይሏቸዋል። ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ይወጣሉ። ውሃውን አምጥተው እስክጨርሰው አጠገቤ ቆሙ። ወዲያው ወደድኳቸው።

*

የብርሃን ክፍሉ ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው። ዳይሬክተሩ፣ ሰማያዊቷ፣ ጋሽ ሁለቴና የጥገና ሠራተኛው። በሩ ስላልተሰበረ ከአራቱ አንዱ ነው ማለት ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጥበቃው ክፍሎቹን ዞሮ ሲያይ ማሽኑ ደህና ነበር፤ ሌሊቱን የግቢው በር ተቆልፎ አድሯል። የጥበቃው መዝገብ ላይ ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጥገና ሠራተኛው። አሥራ ሁለት ተኩል ገብቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወጥቷል፣ የዕቃ ቦርሳ ይዞ።

«እሱ ነው!» አለ ዳይሬክተሩ። «ባለፈው ሳምንት ደሞ ተጣልተናል። ማሽኑን አንድ ቀን ትቀብሩታላችሁ ብሎ ጮኾብኛል፣ ሁሉም ሰምቷል።»

የጥገና ሠራተኛውን ከግቢው ጀርባ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ደርሶ፣ የውሃ ፓምፕ ሲያጥብ አገኘነው። ቦርሳውን ዘረገፍነው። መፍቻ፣ ጎማ፣ ግማሽ ዳቦ።

«ጮኼያለሁ፣ አዎ» አለ። «መለዋወጫ አምጡ ስል ሰሚ ስላጣሁ ነው። ከሩብ ጉዳይ ለአንድ ጀምሮ የፓምፕ ጎማ ፍለጋ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ባለሱቁን ጠይቁት። ደግሞ ያንን ማሽን መግደል ብፈልግ መብራቶቹን ነበር የምሰብረው። የማሽኑ ነፍስ እነሱ ናቸው። ይሄ ሰውዬ ማያውን ብቻ ነው የመታው። ደሞ ሶኬቱን ነቅሎ! የትኛው ሌባ ነው እንዲህ የሚጠነቀቀው?»

ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። እውነቱን ነው፤ ሱቁ እስኪከፈት በሩ ላይ ቆሞ ባለሱቁን በስልክ ሲነዘንዘው ነበር። አምስት ሰዓት ሆነ።

ስመለስ ግን የብርሃን ክፍሉን እንደገና ፈተሽኩ። የባለፈው ሳምንት ማኅደር መደርደሪያው ላይ አለ፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ የጣት አሻራ፣ መሳቢያው ላይ ሰማያዊ አሻራ፣ የማሽኑ ክዳን ላይም ሰማያዊ አሻራ! ደሜ ሞቀ። ሰማያዊቷን ጠርቼ «እጅሽን አሳዪኝ» አልኳት። አሳየችኝ። «ያዝኩሽ» ልል አፌን ስከፍት መርፌ ክንዴን አነሳችው። የሸሚዜ እጅጌ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆኗል።

«አንተንም ልሰርህ?» አለችኝ።

ሰማያዊቷ ስትስቅ ስትስቅ አለቀሰች። «እዚህ ክፍል የገባ ሁሉ ይነካካል» አለች። «እኔ ብሰብረው ከሰው ሁሉ በፊት የምጎዳው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ነው ብዬ ነው የያዝኩት።»

ጥበቃውን እንደገና አስጠራነው። መርፌ መዝገቡን ከፍታ አስቀመጠችለት።

«የጻፍከው የመጣውን ሰው ሁሉ ነው?»

«ሁሉንም፣ እትዬ። እንግዳ ቢሆን፣ ሠራተኛ ቢሆን።»

«ጋሽ ሁለቴ ስንት ሰዓት ገቡ?»

ጥበቃው ሳቀ። «ጋሼማ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ናቸው። እሳቸውን ማን ይመዘግባል? ግድግዳውን መዝግብ እንደ ማለት እኮ ነው።»

መርፌ አልሳቀችም።

*

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ሹፌሩ ቆሞ ይመላለስ ነበር። ስልኩ ጠራ። «እየመጣሁ ነው በያት» አለና ዘጋው። ከዚያ ወደ እኛ አየና የበረዶ ሳጥኑን ክዳን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር።

መርፌ ሰማያዊቷን ወደ ጎን ወሰደቻት። «ጠዋት ስትነግሪኝ፣ አሮጌው ከረጢት ይጣላል ብለሻል። የት ነው የሚጣለው?»

«ጓሮ፣ ማቃጠያው ጋ። ዓርብ ዓርብ ይቃጠላል።»

«ከረጢቱ ቁጥር አለው?»

«ጠርዙ ላይ፣ አዎ።» ከዚያ ልጅቷ ራሷ ነገሩ ገባትና እየሮጠች ቀደመችን።

ማቃጠያው አጠገብ የጽዳት ሠራተኛዋ ቢጫ ጆንያዎች ላይ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች። ከመጠየቃችን በፊት ተናገረች። «ምነው ዛሬ ሁሉም ሰው ቆሻሻዬን ፈለገው? ጋሼም ጠዋት መጥተው የማክሰኞውን ዛሬውኑ አቃጥይልኝ አሉ። ናፍጣ የለም ብያቸው ነው እንጂ።»

እኔና መርፌ ተያየን። ጠዋት ውሃ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው።

ላስቲክ ዘርግተን የሰኞንና የማክሰኞን ጆንያ ገለበጥን። ሰማያዊቷ ጓንት አድርጋ ባዶዎቹን ከረጢቶች አንድ በአንድ ደረደረች። የሰኞዎቹ አሥራ ስምንት ናቸው፤ ሆዳቸው ባዶ፣ ግልጽ ላስቲክ፣ ቁጥራቸው ጠርዙ ላይ። የማክሰኞውን የመጀመሪያውን ከረጢት ስታወጣ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ከረጢቱ ሆድ ላይ፣ መሀሉ ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ነጭ ወረቀት ተለጥፏል።

«ይሄ እዚህ አይለጠፍም» አለች በቀስታ። «ወረቀቱ ብርሃኑን ይከልለዋል። ማሽኑ አምፖሉ መብራቱን ብቻ ነው የሚለካው፤ ወረቀት ተለጥፎ እንደሆነ አያውቅም። አልፏል ብሎ ያትማል።»

«አላለፈም ማለት ነው?»

«ፈሳሹ እየተናጠ ስለሆነ ምናልባት ደርሶታል። ግን በምናልባት ለሰው አይሰጥም።» ቀጣዩን አወጣች፤ ያው ነው። ቀጣዩም። «ሰኞ ማታ ቁጥር የሚጻፍበት አዲስ የተለጣፊ ወረቀት ጥቅልል መጣ፤ ሰፊ ነው፣ ጠርዙ ላይ አይበቃም። እኔ በመቀስ እቆርጠዋለሁ። ማክሰኞ ግን ጥርሴን ልነቀል ሄጄ ነበር። ተክተውኝ የሠሩት ጋሼ...» አልጨረሰችውም።

«ማሽኑ ሲመጣ ሥልጠና አልወሰዱም?» አለች መርፌ።

«ወጣቶቹ ይሂዱ ብለው ቀሩ። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ አሉ።»

«ቁጠሪልኝ።»

አሥራ አራት ነበሩ። ማቀዝቀዣው ጋ ሄደን የማክሰኞዎቹን ቁጥሮች አንድ በአንድ አየን። አሥራ ሦስት። እንደገና ቆጠርን። አሥራ ሦስት።

*

ሰባት ሰዓት ከሃያ። ጋሽ ሁለቴ በላቦራቶሪው ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መርፌ ወረቀት የተለጠፈበትን ባዶ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አላነሱትም።

«ጋሼ፣ ሌባ ሶኬት አይነቅልም» አለች። «ሌባ ጽዳቷን እንዳይቆርጣት ብሎ ስብርባሪ ላይ ፎጣ አያለብስም።»

ሽማግሌው የጋውናቸውን ጫፍ ወደ ታች ሳቡ፤ መርፌ ቀጠለች።

«ስህተቱ ይገባኛል። ከረጢት ከከረጢት እንዳይምታታ ብለው ነው የለጠፉት። ያልገባኝ መዶሻው ነው። አሥራ ሦስቱን ፈሰሱ ብለው መጣል ይችሉ ነበር።»

«እችል ነበር።»

«ግን አሥራ አራት ባዶ ቆጥረናል። አንዷ ወጥታለች።»

የሽማግሌው ትከሻ ወረደ። መናገር ሲጀምሩ ድምፃቸው ከእኛ ይልቅ ለከረጢቷ የሚያወሩ ይመስል ነበር።

«ትናንት ጠዋት ያ ሹፌሩ ልጅ መጣ። ካለፈው ሳምንት የቀረኝ ዘጠኝ ነበር። አሥር ነው የታዘዘው አለኝ። አሥረኛዋን በገዛ እጄ ከማክሰኞው ሞላሁለት። ማታ ልጅቷ ተመልሳ አዲሱን ጥቅልል እየቆረጠች፣ ይሄ ሰፊ ወረቀት ሆዱ ላይ ቢለጠፍ ጉድ ነበር ብላ ሳቀች።» ቆም አሉ። «አብሬያት ሳቅሁ።»

ሰማያዊቷ በሩ ላይ ቆማ ፊቷን ሸፈነች።

«ማሽኑ ቢሰበር፣ ወረቀቱ ቢጠፋ፣ ሁሉም አብሮ ይጣላል። ማንም የማክሰኞን ብቻ ለይቶ አይጠይቅም አልኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላውን ስቆጣ ነው የኖርኩት። አንድም ቀን ተሳሳትኩ ብዬ አላውቅም።»

«እና ሚስቱ ዛሬ አሥራ ሁለት እንደምትፈልግ አላወቁም?»

«ከሌላ ከተማ ይመጣላታል ብዬ ነበር።»

«አይመጣም። ጠዋት ሲደወል እዚሁ ነበሩ፤ የላቸውም ሲባል ሰምተዋል። ሰምተው አራት ሰዓት ዝም አሉ!» መርፌ ስትጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አሥራ ስምንቱ የሰኞ ከረጢቶች ደህና ናቸው። ወረቀታቸው ከተገኘ ትድናለች። የት ነው? አቃጠሉት?»

የግድግዳው ሰዓት ይሰማኛል። በእጄ አንቄ ልጠይቃቸው ከጅሎኝ ነበር፤ ውሃ ያጠጡኝን ሰው።

ጋሽ ሁለቴ ተነሡ። የጋውናቸውን ቁልፍ ፈቱ፣ ሸሚዛቸውን ከሱሪያቸው አወጡ። ሆዳቸው ላይ፣ በፋሻ ታስሮ፣ ማኅደሩ ነበር፤ ማስታወሻ ካርዱም በውስጡ።

«መቅደድ አልሆነልኝም» አሉ።

ሠላሳ ሁለቱም ወረቀቶች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ተደርድረዋል።

*

ዳይሬክተሩ ስልኮቹን አስቀምጦ በቀይ እስክሪብቶ ፈረመ። ሰማያዊቷ ቁጥር ትጠራለች፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ባዶውን ከረጢት ታነሳለች፣ እኔ (አዎ፣ እኔ) የቀዘቀዘውን ከረጢት እይዛለሁ። አልወደቅሁም። አሥራ ሁለት ሆነ። ስምንት ሰዓት ከአምስት።

«ለሹፌሩ ማን ይነግረዋል?» አለች መርፌ።

«እኔ» አሉ ሽማግሌው።

ኮሪደሩ ላይ፣ የበረዶ ሳጥኑ ሞልቶ ሲዘጋ፣ ነገሩት። አላሳመሩትም። «ትናንት ከሰጠሁህ አንዷ ብርሃኑን በደንብ አላገኘችም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ደብቄህ ነበር» አሉት።

ሹፌሩ ሳጥኑን አስቀመጠና የሽማግሌውን የጋውን አንገት ጨመደደ። እኔ ልገባ ስል መርፌ በዓይኗ አቆመችኝ። ሽማግሌው አልታገሉም። ሹፌሩ ሰዓቱን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ለቀቃቸው።

«አንተው ራስህ ንገራት» አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ ሲላቸው ነበር። «እኔ ይሄን አልነግራትም።»

መርፌ ወደ ጣቢያ አልወሰደቻቸውም፤ ወደ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሳይረን ከፍቼ ነዳሁ። መንገድ ተዘጋጋ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ወጣሁ፣ አንድ ጋሪ ሊገለበጥብኝ ትንሽ ቀረ። ሹፌሩ ከኋላ ሆኖ «ግራ! አሁን ቀኝ!» እያለ መራኝ። ሽማግሌው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ስምንት ከአርባ ላይ ደረስን።

ነርሶቹ ከረጢቶቹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከሯቸው። እስኪቀልጡ ድረስ ሴትየዋ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ክንዶቿ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ሞልቷል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ከአልጋዋ አጠገብ ደሟን የሚያጣራው መሣሪያ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

ጋሽ ሁለቴ እግርጌዋ ቆመው ነገሯት። ደሙን የሰጠው ሰው ሲመረመር ንጹሕ እንደነበረ፣ ምናልባትም ምንም እንዳልነካት፣ ግን ምናልባት ማለት በቂ እንዳልሆነ፣ እሷም በየጊዜው መመርመር እንዳለባት፣ ሰውየውም ተጠርቶ እንደሚመረመር ነገሯት። እጃቸው የአልጋውን ብረት ይዟል።

እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ፖሊስ ባይመጣ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር?»

ይዋሻሉ ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። ሽማግሌው ባልየውን አዩ፣ መርፌን አዩ፣ ከዚያ ወደ እሷ ተመለሱ።

«አልነግርሽም ነበር፣ ልጄ» አሉ።

ባልየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሷ ግን ዓይኗን ከሽማግሌው ላይ አላነሳችም።

«የከረጢቷን ቁጥር ያስታውሱታል?»

ስምንቱን አኃዝ ሳይደናቀፉ በቃላቸው አሏት። ነርሷን «ካርዴ ላይ ጻፊልኝ» አለቻት። ተጽፎ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ካርዱን ተቀብላ ቁጥሩን ራሷ አነበበችው። ከዚያ ወደ መሣሪያው ዞራ፣ «በቃ፣ ጀምሪ» አለች።